በአባቴ እግር የተገባ ስለት

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ የብሎካችንን ዕድር ድንኳን ዝናብ መትቶት ኖሮ፣ ጠዋት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ዘርግተው አሰጡት። እኔ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ሽታው ወጥቶ ደረሰብኝ፤ ርጥብ ሸራ፣ ትንሽ ጭቃ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ከሥሩ የሚነሣ የሣር ሽታ። አንሶላውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ለጎረቤቶቼ ያ የለቅሶ ቤት ሽታ ነው፤ ለኔ ግን አባቴ ከመንገድ የገባ ዕለት ግቢያችን የሚሸተው ሽታ ነው፣ ልቤም ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ የድሮ ሥራዋን ጀመረች፣ ደስ አላትና ወዲያው «መቼ ይሆን ተመልሶ የሚሄደው?» ብላ ተርበተበተች።

ያደግሁት ጌጃ ሰፈር ነው፤ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የቆርቆሮ በር በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ። አባቴ ደምሴ የዱር እንስሳትን የሚያጠና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በጋ ሲገባ ባለሙያዎቹን በላንድክሩዘር ጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድና ከባሮ ወንዝ ማዶ ባለው ትልቁ ረግረግ ውስጥ ወራት ይከርም ነበር። ግንቦት ሊጠባ ሲል፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ይመለስና ክረምቱን አለቆችን ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ሲያመላልስ ይከርማል። ስለዚህ በኛ ቤት ዓመት ማለት ሁለት ነገር ነበር፤ አባቴ የሌለበት በጋና አባቴ ያለበት ክረምት። የሚገርመው በሁለቱም ውስጥ ዕረፍት ያለው ሰው አልነበረም።

በበጋው የማትቀመጠው እናቴ ነበረች። እናቴ አስካለ ጭንቀቷን አትናገርም፤ ዕቃ ታንቀሳቅሳለች። አባቴ በሄደ በሳምንቱ አልጋው ከግድግዳው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ይሄዳል፣ በአሥራ አምስት ቀኑ ቁምሳጥኑ በሩ አጠገብ ይቆማል፣ ጠረጴዛው የት እንደዋለ ደግሞ ጉልበታችንን ሲመታን ነበር የምናውቀው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበረች ብዙ የምታስኬድ አልነበረችም፣ እናቴ ግን ለእያንዳንዱ ወንበር አራት ዓይነት ቦታ አታጣም ነበር። ዓርብ ዓርብ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ሥራዋ ስትወጣ ከትምህርት ቤት ትወስደኝና አባቴ መሥሪያ ቤት ሄደን የሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ እንቆማለን። የሬዲዮ ሠራተኛው ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ይቆይና ብቅ ብሎ «ደምሴ ደህና ነው፣ ዓሣ እየበላ ነው» ይለናል። እሷም «እሱማ ይበላል!» ብላ ትቆጣና ወደ ቤት ስንመለስ ግን ረጋ ብላ ትራመዳለች። ያ ርጋታ እስከ ማክሰኞ አይቆይም ነበር።

አባቴ ሲመለስ ከመኪናው መጀመሪያ የሚወርደው ድንኳኑ ነበር። ግቢው መሐል ይዘረጋውና ይፍቀዋል፣ የግቢው ልጆችም ዙሪያውን እንቀመጣለን። አንድ ጆንያ የደረቀ ዓሣም ይዞ ይመጣል፣ እናቴ «ይሄ ነገር ከደጃፌ አያልፍም» ስለምትል አጥር ላይ ይሰቀልና የሰፈሩ ድመት ሁሉ ለሦስት ቀን ግቢያችን ይከትማል። አባቴ ተረት አያውቅም፤ የሚያውቀው ረግረጉን ነው፣ እሱን ሲያወራ ግን ተረት አያምረንም ነበር።

ክረምት ሲመጣ ውሃው ከወንዙ ወጥቶ ሜዳውን ሁሉ እንደሚውጠው፣ የአገሩ ሰዎች ከፍ ያለች መሬት ፈልገው ጎጆ እንደሚሠሩ፣ ትንኝ እንዳይጨርሳቸው ጭስ እያጨሱ እንደሚቀመጡ ይነግረናል። በጋ ሲሆን ደግሞ ውሃው ይሸሻል፣ እነሱም ተከትለው ይወርዱና በተወው ጥቁር ጭቃ ላይ በቆሎ ይዘራሉ፣ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ በሸምበቆ አጥር ከበው ይይዛሉ። ጉማሬዎች ደንገሉን እየጣሱ መንገድ ይከፍታሉ፣ ታንኳም የሚሄደው በዚያው ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ግን ገለል ብሎ ማሳለፍ ግድ ነው፣ «እንደ ጠመንጃ ያዥ ታክሲ ልጋፋ ያልክ እንደሆነ አለቀልህ» ይል ነበር። ውሃው በሸሸ ጊዜ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች፣ አጋዘን መሳዮቹ፣ ከሱዳን በኩል ይጎርፋሉ፤ ልክ የልደታ ንግሥ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወጣው ሕዝብ፣ አለቁ ስትል ገና ናቸው።

ሣር ያለበት ሁሉ መሬት እንዳልሆነም የተማርኩት ከሱ ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሣር አለ፣ ወፍ ቆሞበት ሲታይ ሜዳ ይመስላል፣ የረገጠው ሰው ግን እስከ ብብቱ ይገባል። እንዴት እንደሚረገጥ ያስተማረው ኡቻን የሚባል የአኙዋ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በየዓመቱ ለባለሙያዎቹ መንገድ የሚመራ፣ ታንኳውን ከአንድ ግንድ በገዛ እጁ የፈለፈለ ሰው። «ተረከዝህን አስቀድም፣ መሬቱ ሲመልስልህ ብቻ ነው ክብደትህን የምትሰጠው» ብሎታል። እኛም በርጥቡ ሸራ ላይ ተረከዛችንን እያስቀደምን ስንለማመድ እንውላለን፣ የሰመጠ ልጅ ከጨዋታው ይወጣል።

አባቴ መጨረሻ ላይ የሚያወራው ሁልጊዜ ስለ አንድ ወፍ ነበር። ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ ግራጫ፣ ምንቃሩ የወንድ ጫማ የሚመስል ወፍ፤ ደንገል መሐል ይቆምና አንድ ዓሣ እስኪመጣለት ግማሽ ቀን አይንቀሳቀስም። አባቴም ከኡቻን ጋር ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ፣ እስትንፋሱን ሰብስቦ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያየው እንደዋለ በኩራት ይናገራል። እኔ ያንን ወፍ ጠላሁት። አባቴ እቤት ሲሆን ቁርስ እስኪቀርብ እንኳ አይቀመጥም ነበር፤ ይነሣል፣ ሰማይ ያያል፣ ደጅ ይወጣል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይመታል፣ ተመልሶ ይመጣና ሳይቀመጥ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል። እናቴም ትመለከተውና «ለወፍ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ለኛ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ምን ነበረበት?» ትለዋለች። እሱም ይስቅና ደጅ ይወጣል።

አራተኛ ክፍል የነበርኩበት በጋ ግን እንደሌሎቹ አላለቀም። ሚያዝያ እንደገባ ባለሙያዎቹ በአንዱ መኪና ቀድመው ወጡ፣ አባቴ የቀረውን ዕቃ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ዝናቡም ያለ ወቅቱ ጣለ። ሬዲዮውም ዝም አለ። በመጀመሪያው ዓርብ የሬዲዮ ሠራተኛው «ባትሪ ነው» አለን፣ በሁለተኛው «አየሩ ነው» አለን፣ በሦስተኛው ግን ወንበር አወጣልን። እናቴ ወንበሩን ስታይ ነው ፊቷ የተለወጠው። በዚያ ሳምንት አልጋው ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረ።

ከዚያ ግንቦት አንድ፣ ልደታ ሆነ። በዚያን ቀን በኛ ግቢ ሁሌም እንደሚደረገው ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ እሳት ተነደደ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ዳቦ ተቆረሰ፤ የልደታ ንፍሮ እዚያው ደጅ ላይ ይበላል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። ሰዉም በየተራ ስለቱን ይናገራል፣ አንዷ «ልጄ ፈተናውን ካለፈልኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «ወገቤን ካሻለችኝ» ትላለች፣ ሁሉም «አሜን» ይላል። የናቴ ተራ ሲደርስ ተነሥታ ቆመች፣ ድምጿም ያን ቀን የሌላ ሰው ነበር። «ልደታዬ፣ ባሌን በሰላም ከመለስሽልኝ ዳግመኛ ወደዚያ ውሃ አልሰደውም! እግሩ ከዚህ ከተማ አይወጣም!» አለች። ግቢው በሙሉ «አሜን!» አለ፣ ከሁሉ የጮህኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከአሜኑ በኋላ ነው በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት እትዬ ብርቄ ማማሰያቸውን እንደያዙ የደነገጡት። «ቆይ እንጂ አስካለ፣ ሰው በራሱ ነገር ይሳላል እንጂ በሰው እግር ይሳላል እንዴ?» አሉ። ግን አሜኑ ወጥቷል።

አባቴ ግንቦት አጋማሽ ላይ መጣ። ቢጫ ሆኖ፣ ከስቶ፣ የሌላ ሰው ሱሪ ለብሶ፣ ያለ መኪናና ያለ ድንኳን በቆርቆሮው በር ሲገባ እናቴ መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ሴቶቹም እልል አሉ። መኪናው ሜዳ መስሎት በረገጠው ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ እሱን ወባ ጥሎታል፣ ኡቻን ደግሞ በታንኳ አስተኝቶ ስድስት ቀን ሙሉ ውሃው ላይ እየቀዘፈ፣ በየማታው ከፍ ያለች መሬት እየፈለገና ጭስ እያጨሰለት ከጤና ጣቢያ አድርሶታል። ይህን ሁሉ ሲነግረን ሳቀ፣ ማሳሉ አቋረጠው።

በሳምንቱ እናቴ ስለቱን ነገረችው። ሾርባውን አስቀመጠ። «እግሬን? የኔን እግር ነው የተሳልሽው?»

«አዎ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«በምን ልጠይቅህ? በሬዲዮ?»

አባቴ ጾም ቢያመልጠው ብዙ የማይጨነቅ ሰው ነበር፤ በልደታ ስም የተገባውን ለማፍረስ ግን አልደፈረም። ደፍሮስ ቢሆን መቼ ይለቁታል? ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ይዞ ከወጣ ከአራቱም በር «ወዴት ነው ደምሴ?» የሚል ድምፅ ይከተለዋል፣ አሜን ያሉት ሁሉ ዋስ ሆነዋል። ሲሻለው የከተማ ሥራ ጠየቀና ተሰጠው። የግቢውን ፍሳሽ ቆፈረ፣ የሁሉንም ጣሪያ መረመረ፣ ደህና የነበረውን የሽንት ቤት በር ነቅሎ እንደገና ገጠመው። ዝናብ ሲጥልና መንገዳችን ሲጥለቀለቅ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሱ ይወጣና ጎርፉ መሐል ይቆም ነበር።

ከዚያ በጋው ገባ፣ አባቴም አልሄደም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገናን ከኛ ጋር ዋለ። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፣ ጓደኞቼም «አባትሽ ነው?» ሲሉኝ ነፍሴ ከፍ ትላለች፣ እናቴም ዕቃ ማንቀሳቀስ ተወች። ደስታዬ ግን እሑድ እሑድ ይደፈርሳል። እሑድ ከሰፈራችን በታች ያለችው ወንዝ ድልድይ ላይ ይወስደኝና ጥቁሩን ውሃ፣ የፌስታሉን ክምር፣ ቆሻሻ የሚለቅሙትን ሁለት ሦስት ሳቢሳ ወፎች ያያል። «ይሄኔ ውሃው ሸሽቷል» ይለኛል። ያለነው እዚህ፣ የሚያወራው ስለዚያ። እጄን ይዞታል፣ ግን እጄን መያዙን የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ጥር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጋምቤላ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። «የሾፌር ደምሴ ልጅ ነሽ? በይ እንዳትጥዪው» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ኡቻን በሰው እጅ ያስጻፈው ደብዳቤ ነበር። አነበብኩት፣ አጭር ስለነበር እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ውሃው ሸሽቷል። የመኪናህ ጣሪያ ታየ። ቆርኬዎቹ መምጣት ጀምረዋል። ታንኳዬን ይዤ መሻገሪያው ላይ እጠብቅሃለሁ። መምጣት ካልቻልክ ስለ ጤናህ ጻፍልኝ።»

አልሰጠሁትም። ብሰጠው እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ከሄደ ደግሞ ስለቱ ስለፈረሰ ማርያም ትወስደዋለች ብዬ አምኛለሁ፤ እኔ ራሴ አሜን ብያለሁ። መጀመሪያ ቁምሳጥኑ ሥር ደበቅሁት፣ ለጥምቀት ጽዳት እናቴ ስታነሣው ልትደርስበት ስትል ነጥቄ አወጣሁና የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ገበር ተርትሬ ውስጡ ሰፋሁት። ከዚያ በኋላ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ ሲያደርሰኝ ደብዳቤው ጀርባዬ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አያሳስቡኝም ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ የመጨረሻው ነው። ስለ ጤናው ለመጻፍ እኮ መሄድ አያስፈልግም። አንድ መስመር ይበቃ ነበር፣ ግን ደብዳቤውን ካወጣሁት ሁሉም ይወጣል።

በዓመቱ ልደታ ደረሰ። እሳቱ ነድዷል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ እናቴ የስለቷን ዳቦ ጋግራ አባቴን አጠገቧ አስቀምጣዋለች፣ እሱም ለበዓሉ ብሎ እንደምንም ተቀምጧል። እኔ ስኳር ልገዛ ተልኬ ስወጣ ከመንገዱ ጫፍ አንድ በጣም ረጅም፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ቆሞ አየሁ። በእጁ ጆንያ ይዟል፣ በትከሻው ላይ ደግሞ አዲስ ነጠላ አለ። ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ አንገቱ ላይ ነበር፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው።

«ልጅ» አለኝ፣ «የሾፌር ደምሴን ቤት ታውቂዋለሽ?»

የስኳሩን ብር ጨብጬ አየሁት።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አለ፣ የገባኝ ስላልመሰለው ቀስ ብሎ።

ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ማን እንዳስመጣው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ መንገድ ላይ ሮጬ ብጠፋ ይሻለኝ ነበር፣ ግን እጁን ይዤ በቆርቆሮው በር አስገባሁት።

መጀመሪያ ያዩት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ነጠላውን አይተው «በስመ አብ! ማን ሞተ?» ብለው ተነሡ። አባቴ ዞር አለ። እጁ ላይ የነበረው ንፍሮ ተበተነ። ኡቻን አልጮኸም፣ አልሮጠም፤ እንግዳ መሬት እንደሚረግጥ ሰው ቀስ ብሎ ተጠጋና መዳፉን አባቴ ደረት ላይ አሳረፈ። ቆየ። «ትሞቃለህ» አለው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ማናችንም አላወቅንም፤ ሲገልጠው ሁለቱም ነበሩ።

«ካልመጣህ ስለ ጤናህ ጻፍ አልኩህ» አለ። «አልጻፍክም። ታንኳውን ይዤ ጠበቅኩ። ቆርኬዎቹ መጡ፣ ሄዱ። ውሃው መመለስ ጀመረ። ደምሴ ያ ወባ ገድሎታል አልኩ። አንተ ነህ የነገርከኝ፣ በአገራችን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ወዳጅ አይባልም ብለህ። ነጠላ ገዛሁ፣ እንዴት እንደሚለበስ ጠየቅኩ፣ መጣሁ።»

«የምን ደብዳቤ ነው?» አለ አባቴ።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን አመጣሁ፣ ገበሩን በጥርሴ ቀደድኩትና ደብዳቤውን ሰጠሁት። አባቴ አነበበው። ሲመታኝ ጠበቅኩ፣ አልመታኝም። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና «እኔን በቁሜ ቀበርሽኝ፣ ይሄንን ሰውዬ ደግሞ እንዲህ አንከራተትሽው» አለኝ። ዱላ ይሻለኝ ነበር።

«ማርያም ትወስድሃለች ብዬ ነው» አልኩት። «እኔም አሜን ብያለሁ እኮ!»

እናቴን ያየኋት ያኔ ነው። የስለቷን ዳቦ ጉልበቷ ላይ እንደያዘች እኔን ታይ ነበር፣ የተበተነውን ንፍሮ፣ ኡቻንን፣ ተመልሳ እኔን። «ወይኔ ልጄ፣ ምን አሸከምኩሽ!» አለች። ተነሥታም አምና በቆመችበት ቦታ ቆመች። «አሜን ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። ያ ስለት የፍርሃት ነበር። ነገ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አስፈታዋለሁ፣ ቅጣት ካለው በኔ ይሁን።» ማንም አሜን አላለም፤ ያን ቀን ሁሉም ከአሜን በፊት ማሰብ ተምሮ ነበር። እትዬ ብርቄ ብቻ ወደ ኡቻን ሄደው «ተነሥ አንተ የተባረክ፣ የምሥራች ቤት ነው» ብለው ነጠላውን ከትከሻው አንሥተው ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሱት።

ንስሐ አባታችን በማግሥቱ ታሪኩን ሰምተው «የሰው እግር ስለት አይሆንም፣ የራስሽን አምጪ» ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድትጠርግ አዘዟት። እኔም አብሬያት ጠረግሁ፣ ማንም ሳያዘኝ። ኡቻን አምስት ቀን ከኛ ጋር ሰነበተ። በጆንያ ያመጣው ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጃፋችን አልፎ ገባ፣ እናቴ በበርበሬ ሠርታ አቀረበችለት። ከሁሉ የገረመው የግቢያችን ቧንቧ ቁልፍ ያለው መሆኑ ነው። «ውሃ ይቆለፋል?» ብሎ ቁልፉን በእጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ለአምስት ቀን አባቴ ተቀምጦ በላ፣ ተቀምጦ ጠጣ፣ ተቀምጦ አወራ። እኔ ደግሞ በር ላይ ሆኜ አየሁት፣ ቀናሁም፣ አፈርኩም።

ኅዳር ላይ አባቴ ወደ ረግረጉ ሄደ። ቆርቆሮው በር ድረስ ተከትዬው አለቀስኩ፣ እሱም «በወር አንድ ደብዳቤ፣ ያንቺም የኔም» አለኝ። ጻፍን። እናቴ አልጋውን ወደ መስኮቱ መለሰችው፣ ዓርብ ዓርብ የሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆምን፣ ግንቦት ሳይጠባ መጣ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ ሄደ፣ በየዓመቱም ተመለሰ። አንድም ቀን ተረጋግቼ አላውቅም።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስ አምስቱ ቤተሰብ በአምስት አቅጣጫ ተበተነ፣ እትዬ ብርቄ በሄዱበት ዳርቻ ሰፈር ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው፣ እናቴም ከዚያ ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ረግረጉም ዳር ዳሩን ትልልቅ እርሻዎች እንደተከፈቱበት፣ እንስሳቱ በድሮው መንገድ እንደማያልፉ ኡቻን ይነግረናል፤ አሁን ስልክ አለው፣ በየበዓሉ ይደውላል፣ ሰው ሞተ አልሞተ ብሎ አገር የሚያቋርጥበት ምክንያት የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲባባሉ ቆይተው መሰማማት ሲያቅታቸው ስልኩን ለኔ ይሰጡኛል።

አባቴ ከኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሶፋው ላይ ትቼው እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ሻዩን ተቀምጦ ይጠጣል። በልጅነቴ የለመንኩት፣ አሜን ብዬ የጮህኩለት፣ ደብዳቤ የደበቅሁለት ነገር ይኸው ሳልለምነው እጄ ገብቷል። ባለፈው እሑድ ግን አላስችል አለኝና ጫማውን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት። «አባዬ፣ ተነሥ፣ ወጣ ብለን እንምጣ» አልኩት።

ጫማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «የት?» አለኝ።

የምወስደው ቦታ አጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።